እንግዳነት መቼ ያልቃል?

ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ በማያውቀው ከተማ ሊኖር የመጣ ሰው ወደ ከተማው ሁለት ጊዜ ይገባል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። የመጀመሪያው አገባብ በአንድ ቀን ያልቃል። ሻንጣውን ከአውቶቡስ ያወርዳል፤ በወረቀት የተጻፈለትን አድራሻ ይዞ መንገድ ይጠይቃል፤ ማታ ከአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ይህን ቀን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም፤ ቀኑንና ወሩን ብትጠይቁት ወዲያው ይነግራችኋል። ሁለተኛው አገባብ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ መቼ እንደ ተጀመረና መቼ እንደ ተፈጸመም የሚመዘግብለት ሰው የለም።

ዛሬ ጥቂት ለማለት የፈለግነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው አገባብ ነው። እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከመጣን ገና ሁለት ዓመታችን ስለ ሆነ የከተማ ኑሮ ሊቅ ነን አንልም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ አብረውን የሚሠሩት፥ በተከራየንበት ግቢ ጎረቤት የሆኑን፥ በታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገባችን የሚቆሙት ወጣቶች አብዛኞቹ እንደ እኛው ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። በየጨዋታው መካከል የሚያነሡትም ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ እንግዳነት መቼ ያልቃል?

ከተማዋም መጤ ነበረች

«እንግዳ ነኝ» ብሎ አንገቱን የሚደፋ ወጣት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ራሷ ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች የተሠራች ከተማ ናት። የኦሮሞ ሕዝብ ይኖርበት በነበረው፥ ፊንፊኔ በሚባለው ምድር ላይ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፥ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም በየተመሩት ቦታ ከነጭፍሮቻቸውና ከነቤተ ሰባቸው ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለውም ቃል ከዚሁ ከመስፈር የመጣ ነው። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያለ በሹሙ ስም የተጠራ አለ፤ እንደ ሠራተኛ ሰፈር ያለ የእጅ ባለሙያዎች ስለ ሰፈሩበት በሥራቸው የተጠራም አለ። ዛሬ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋው ሰው ሦስት አራት ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጥር፥ አብዛኛውን ጊዜ ጓዙን ተሸክሞ ከመጣ አንድ አያት ዘንድ ይደርሳል።

ከተማዋም ብትሆን ጓዟን ጠቅልላ ልትሄድ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ሲመናመን፥ ዳግማዊ ምኒልክ በስተምዕራብ በኩል አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ የደረሰላት በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው፥ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ቶሎ አደገ፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና አቆጠቆጠ፤ ማገዶም ማገርም ሆነ፤ ከተማዋም ባለችበት ጸናች። እንግዳው ዛፍ ሥር በመስደዱ ከተማዋ ሥር ሰደደች። ለመጤ ወጣት ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ታሪክ ያለ አይመስለንም።

መንገዱን መልመድ

የሁለተኛው አገባብ የመጀመሪያ ምልክት የሚታየው በመንገድ ላይ ነው። አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የታክሲው ረዳት የሚጠራውን ስም ለይቶ መስማት ያቅተዋል። ረዳቱ የቦታውን ስም አሳጥሮ ሦስት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል፤ መጤው ስሙን እስኪለይ ድረስ ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል። ከገባም በኋላ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «ወራጅ አለ» ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው አገር ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ልጅ መውረጃውን አልፎ፥ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሲመለስ ያየ ሰው፥ ድምፅ ማውጣትም የሚለመድ ነገር መሆኑን ይረዳል።

ቀጥሎ የአድራሻ ጉዳይ ይመጣል። በአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው ብዙውን ጊዜ በመንገድ ስምና በቁጥር አይደለም። «ከአደባባዩ ወረድ ብለህ፥ ከመድኃኒት ቤቱ ገባ ብለህ፥ ከጠጅ ቤቱ ጀርባ» ይባላል። አንዳንድ ጊዜም ጠጅ ቤቱ ከተዘጋና በቦታው ባንክ ከተከፈተ ቆይቷል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድ የሚማር ሰው አሁን ካለው ከተማ ጋራ ቀድሞ የነበረውንም አብሮ መማር ግድ ይሆንበታል።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ገጠሬ እናት የታመመ ልጃቸውን ደግፈው «ወንድሜ፥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ሳያስበው እጁን ዘርግቶ ያሳያቸዋል፤ የሚይዙትን ታክሲ ይነግራቸዋል፤ የት እንደሚወርዱም ለረዳቱ አደራ ይልላቸዋል። አንድ ነገር እንደ ተለወጠ የሚገባው ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው። ትናንት ጠያቂ የነበረው ሰው ዛሬ ተጠያቂ ሆኗል። እንዲህ ያለው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል እንላለን።

ተከራይና አከራይ

ሁለተኛው ምልክት ከቤት ጋራ የተያያዘ ነው። የአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ አይመስሉም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከትልቅ ቤት ጀርባ በተሠራች አንዲት ክፍል እንገባለን፤ ወይም ደባል ፈልገን ኪራዩን ለሁለት እንካፈላለን። ከደላላ ጋራ አንድ ሳምንት ዞረን የምናገኛት ክፍል አልጋ፥ ጠረጴዛና አንድ ቢጫ ጀሪካን ካስገባንባት መቆሚያ የላትም። ጀሪካኑ ግን የግድ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ተራው የሚደርስበትን ቀን ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነውና።

ስለ ኪራይ ካነሣን ዘንድ ወጣቱ ሠራተኛ ሕጉን ቢያውቅ ይጠቀማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን የማያውቅ ተከራይ «ነገ ልቀቅ» በተባለ ጊዜ ጓዙን ያነሣል፤ የሚያውቅ ግን በትሕትና ውሉን ያሳያል።

ሆኖም ሰው በውል ብቻ አይኖርም። የምንኖርበት ግቢ ባለቤት የሆኑት እማማ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠሩን «ተከራዩ» እያሉ ነበር። በር የሚዘጋበት ሰዓት፥ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፥ እንግዳ የሚገባበት ቀን ሁሉ በትእዛዝ ነበር። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ግን ከበረንዳቸው «ልጄ፥ ቡናው ደርሷል፤ ና እንጂ!» የሚል ድምፅ ሰማን። አቦሉን ጠጥተን ምስጋና አቅርበን ልንነሣ ስንል «ቶናውን ሳትጠጣ? ማን እንዲህ አስተማረህ?» ብለው ተቆጡን። ቁጣው የፍቅር መሆኑን የተረዳነው በረካው ላይ ስንደርስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስማችን ይጠሩናል። ስንታመም አጥሚት ይልኩልናል፤ ስናመሽም «የት ቆየህ?» ይሉናል። «የት ቆየህ» የሚል ሰው ማግኘት ለጊዜው ነፃነትን የሚነካ ይመስላል። ነገር ግን ቢቀርም ቢገባም የሚጠይቀው የሌለ ሰው የዚህችን ጥያቄ ዋጋ አሳምሮ ያውቃል።

የመጀመሪያው ደመወዝና መሸኛው

የመጀመሪያ ደመወዝ ሲደርስ ለእናት ነጠላ፥ ለአባት ጋቢ መላክ ጥሩ ልማዳችን ነው። ዛሬ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብርና በመሰሉት አገልግሎቶች ገንዘብ በዓይን ጥቅሻ አገር ቤት ይደርሳል፤ ይህም ትልቅ ምቾት ነው። ይሁን እንጂ መርካቶ ወርዶ፥ ጥለቱን መርጦ፥ ዋጋ ተከራክሮ የተገዛ ነጠላ በእናት ትከሻ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድና ጎረቤት ሁሉ «ከየት መጣ?» ሲል የሚሰጠውን ደስታ የስልክ መልእክት አይተካውም። በሌላ በኩል ደግሞ ጓደኛ ምን ይለኛል እያሉ በብድር ልብስና በብድር ስልክ ማጌጥ የሚያተርፈው ወር ሳይጋመስ መራብን ብቻ ነው።

በመሥሪያ ቤትም ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ዓውደ ዓመት ሲቃረብ አንዱ አንጋፋ ሠራተኛ ስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ «ቅርጫ ትገባለህ?» ብሎ ይጠይቃል። በሬው በጋራ ይገዛል፤ ሥጋው ለአባላቱ እኩል ይመደባል። የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀቱ በጠረጴዛችን አጠገብ አልፎ ሄደ፤ አዲስ ሰው ነውና አገሩ ይሄዳል ተብሎ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ስማችን ሳንጠየቅ ተጽፎ አገኘነው። የሥጋው ድርሻ ብዙ አልነበረም፤ ስማችን በዚያ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ግን ከሥጋው ይበልጥ አጠገበን።

ከሁሉም ከባዱ መሸኛ ነው። በአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ቀድሞ ከኖሩበት ቦታ መሸኛ ማምጣት ያስፈልጋል። ወጣቱ ወደ ትውልድ ከተማው ይመለሳል፤ ጸሐፊው አቧራውን አራግፎ የቤተ ሰቡን ፋይል ያወጣል፤ ነዋሪነቱ እዚህ ላይ ማብቃቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ማኅተም ያሳርፍበታል። ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ እስከሚመለስና እስከሚያስረክብ ድረስ ወጣቱ በአንዱ መዝገብ የተሰረዘ፥ በሌላው ያልተጻፈ ሰው ነው። ይህን በመፍራት ይመስለናል ብዙዎች መሸኛ ማውጣቱን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሳድሩት። አንድ እግራቸው እዚህ፥ አንድ እግራቸው እዚያ ሆኖ ይኖራሉ።

«ቤቴ» የሚለው ቃል

ቃልም ይሰደዳል። አንዲት የሥራ ጓደኛችን እንዳጫወተችን፥ ለፋሲካ አገሯ ሄዳ ሳለ ከእናቷ ጋራ ጓዳ ተቀምጣ እየተጫወተች «ሰኞ ቤቴ ስገባ እደውልልሻለሁ» አለች። ንግግሩ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። እናትየው ሽንኩርቱን መክተፍ ትተው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ከዚያም «ቤትሽ? እሺ፤ እግዜር ቤትሽን ይባርከው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ጓደኛችን ይህን ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጅ በአዲስ ከተማ ሥር ሲሰድድ በአገር ቤት አንድ ነገር እንደሚነቀል ማንም አይክድም። ትንንሽ ድሎቻችንን ስንቆጥር ዋጋቸውን ከእኛ ጋራ የሚከፍሉትን ወላጆች መዘንጋት አይገባንም።

ማን ያርዳው?

እስካሁን የዘረዘርናቸው ምልክቶች የሚያስደስቱ ናቸው። እንግዳነት ማለቁና አለማለቁ በእርግጥ የሚፈተነው ግን በደስታ ቀን አይደለም።

በአገራችን ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሟች ዘመዶች ሐዘንተኛው በሚኖርበት ሰፈር ያሉ ሰዎችን ፈልገው አደራ ይሰጣሉ፤ እነርሱም ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተው ሰው በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጁ ቆሞ ሲያይ ገና ሳይነገረው ነገሩ ይገባዋል፤ ሲወድቅ ግን የሚይዘው እጅ አለ። የመርዶ ሥርዓት ጥበቡ ይህ ነው፤ ክፉው ወሬና ደጋፊው ሰው አብረው ይደርሳሉ።

አንድ የምናውቀው ወጣት አለ። አዲስ አበባ አምስት ዓመት ኖሯል፤ ሦስት ጊዜም ቤት ቀይሯል። «እኔ እዚህ ያለሁት ለጊዜው ነው» ስለሚል ከጎረቤቶቹ ጋራ ከሰላምታ በቀር ትውውቅ የለውም። ባለፈው ክረምት አባቱ በአገር ቤት ዐረፉ። ዘመዶቹም እንደ ልማዱ የሚያረዳው ሰው ፈለጉ። የአከራዩን ስልክ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የጎረቤቶቹንም ስም የሚያውቅ አልነበረም። የሚኖርበትን ሰፈር እናቱ እንኳ ለይተው መናገር አልቻሉም። ሰው ሲፈለግ ቀብሩ አለፈ። በማግስቱ አንድ የአገሩ ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ የአባትየውን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ አወጣ። ልጁ በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲከፍት የአባቱን ፊት አየ። በአጠገቡ ማንም አልነበረም።

በዚያው ወራት በእኛ ግቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ነርስ እናቷ ዐረፉ። ወደ ከተማው ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ነገር ግን ገና በስድስተኛው ወር እማማ መክረዋት የሰፈሩን ዕድር ገብታ ነበር። ዘመዶቿ የደወሉት ለእማማ ነው። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የዕድሩ ዳኛና አምስት ሽማግሌዎች፥ ከእነርሱም ጋራ ሴቶች፥ በሯ ላይ ቆሙ። እኛም ከኋላ ነበርን። ጩኸቷን ስንሰማ ሦስት ሴቶች አቅፈዋት ነበር። ከነጋ በኋላ ወደ አገሯ ስትሳፈር የዕድሩን ገንዘብ የያዘ ሰው አብሯት ሄደ። ስትመለስም በግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፥ አግዳሚው ተደርድሮ፥ የሴቶች ዕድር ወጡን ሠርቶ ቆያት። ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን አልተቀመጠችም።

በነዚህ በሁለቱ ወጣቶች መካከል የትምህርትም የደመወዝም ልዩነት የለም። ልዩነቱ በየወሩ የሚከፈል ትንሽ መዋጮና በየቀብሩ የሚሰጥ ጥቂት ሰዓት ነው። ዕድር የሽማግሌዎች ነገር ነው የሚል ወጣት እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን አሠራሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያደንቀዋል። የተጻፈ ደንብ አለው፤ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳኑ፥ ወንበሩ፥ ድስቱና ሳህኑ የአባላቱ የጋራ ንብረት ነው፤ ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ሀብታምና ድኻ እኩል ያዋጣሉ፤ እኩልም ይቀበራሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሥራ ላይ ሲውል ዕድር ይባላል።

ይህ ጉዳይ ለመጤ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ሲነሡ፥ እዚያው ተወልደው ያረጁ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደው እንደ እኛው የታክሲውን ስም እንደ አዲስ ተምረዋል። ለረጅም ዘመን የተዋወቀ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለያይቷል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ማንም ሰው በአንድ ቀን እንደ ገና መጤ ሊሆን ይችላል። የሚሻለውም እርስ በርስ መተዋወቅ ነው።

ለጥያቄያችን ያገኘነው መልስ አጭር ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚያረዳው ሰው ያለው፥ እርሱም በተራው ሌላውን ሊያረዳ በሌሊት የሚነሣ ሰው፥ እንግዳ አይደለም። መታወቂያው፥ ኪራዩ፥ ታክሲው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርሱ ደረጃዎች ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ አዲስ ከተማ የገባችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ አንድ ነገር ልናሳስባችሁ እንወዳለን። በሚመጣው እሑድ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ስማችሁን ንገሩ፤ ስማቸውንም ጠይቁ። የአንዱን ጎረቤት ስልክ ቁጥር ለእናታችሁ ላኩ። የሰፈሩ ዕድር በየትኛው ቀን እንደሚሰበሰብ ጠይቁና ተመዝገቡ። እናንተ ደግሞ ነባር የሆናችሁ፥ በግቢያችሁ ጥግ መብራቱን አጥፍቶ ብቻውን የተቀመጠ ተከራይ ካለ ቡና ሲፈላ ጥሩት። ቢያፍርና አልመጣም ቢል ደግማችሁ ጥሩት።